የቫናዲየም ኦክሳይድ ኤሌክትሮዶች የፓተንት ምርመራ፦ ነባር ቁስ፣ አዲስ ዕውቀት እና የመብት ወሰን

አኅጽሮተ ጥናት

ቫናዲየም ኦክሳይድ በዳግም ተሞይ ባትሪዎች ውስጥ በኤሌክትሮድነት ማገልገል እንደሚችል ከታወቀ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሆኖታል። ሆኖም በዚሁ ቁስ ላይ የሚቀርቡ የፓተንት ማመልከቻዎች አልተቋረጡም። ይህ አጭር ጥናት የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ ስለ ነባር ቁስ የተገኘ አዲስ ዕውቀት በምን ሁኔታ የፓተንት መብት ሊያስገኝ ይችላል? ጥናቱ በኅትመት የታወቁ የምርምር ታሪኮችንና ለማስተማሪያ የተዘጋጀ አንድ ምሳሌን ይመረምራል። የሚደርስበት ድምዳሜም የሚከተለው ነው፦ አዲስነት የሚመዘነው በቁሱ እንጂ ስለ ቁሱ በተሠራው ልኬት አይደለም፤ ፈጠራዊ ብቃት ደግሞ የሚረጋገጠው ከቅርቡ ቀዳሚ ሥራ ጋር በእኩል ሁኔታ በተደረገ ንጽጽር ነው። በዓመተ ምሕረት ካልተገለጸ በስተቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. መግቢያ

ፓተንት በፈጣሪና በሕዝብ መካከል እንደሚደረግ ውል ሊታይ ይችላል። ፈጣሪው የሠራውን ሳይደብቅ ይገልጻል፤ ሕዝቡም ለተወሰነ ጊዜ ሌላውን የመከልከል መብት ይሰጠዋል። ሕዝቡ ቀድሞውንም በእጁ የነበረውን ነገር በዚህ ውል መልሶ ከገዛ ግን ከስሯል። የፓተንት መርማሪ ዋና ተግባር ይህ ኪሳራ እንዳይደርስ መጠበቅ ነው፤ በአንጻሩ እውነተኛ ድካም ያለበትን ሥራ በጥርጣሬ ብቻ ውድቅ እንዳያደርግም መጠንቀቅ አለበት።

ምርመራው የሚያተኩረው አመልካቹ ጥበቃ የሚሻበትን ነገር በሚወስነው አንቀጽ ላይ ነው፤ ይህንም «የመብት ጥያቄ» እንለዋለን። ከማመልከቻው ቀን በፊት በማናቸውም መንገድ ለሕዝብ የደረሰው ሁሉ «ቀዳሚ ዕውቀት» ይባላል። በአውሮፓ የፓተንት ስምምነት አንቀጽ 54 ስለ አዲስነት፣ አንቀጽ 56 ስለ ፈጠራዊ ብቃት፣ አንቀጽ 83 ስለ መግለጫው በቂነት፣ አንቀጽ 84 ስለ ጥያቄው ግልጽነት ይደነግጋሉ። በአሜሪካ የፓተንት ሕግም ክፍል 102፣ 103 እና 112 ተመሳሳይ ጉዳዮችን ይይዛሉ። መመዘኛዎቹ ለማንኛውም የቴክኖሎጂ ዘርፍ አንድ ቢሆኑም፣ በቫናዲየም ኦክሳይድ ላይ ሲተገበሩ ከቁሱ ባሕርይ የሚመነጭ የተለየ ችግር ያጋጥማል።

2. ቁሱና አስቸጋሪ ባሕርዩ

በዚህ ቤተሰብ ውስጥ በሰፊው የተጠናው ቫናዲየም ፔንቶክሳይድ ነው። በእያንዳንዱ የቀመር አሃድ ሁለት የቫናዲየምና አምስት የኦክስጅን አቶሞች አሉት፤ አወቃቀሩም ንብርብር ነው። ንብርብሮቹ እርስ በርስ የተያያዙት በደካማ ትስስር ስለሆነ፣ የሊትየምና የሌሎች ብረቶች አዮኖች በመካከላቸው ሊገቡና ሊወጡ ይችላሉ። ቫናዲየም ከአምስት ወደ አራት፣ ከዚያም ወደ ሦስት የኦክሲዴሽን ደረጃ መውረድ ስለሚችል ቁሱ ብዙ ኤሌክትሮኖችን ይቀበላል። ስታንሊ ዊቲንግሃም ሊትየም ወደዚህ ቁስ መግባት እንደሚችል በ1976 ባሳተሙት ጽሑፍ አመልክተዋል። ቫናዲየም ፔንቶክሳይድን በአዎንታዊ ኤሌክትሮድነት የሚጠቀሙ ዳግም ተሞይ የሳንቲም ቅርጽ ባትሪዎችም ለብዙ ዓመታት በገበያ ላይ ቆይተዋል፤ የፓናሶኒክ ቪኤል ተከታታይ ምርቶች ለዚህ ምሳሌ ናቸው።

ችግሩ ያለው «ቫናዲየም ፔንቶክሳይድ» የሚለው ስም አንድን ቁስ ብቻ አለመጥራቱ ነው። ሊትየም ቀስ በቀስ ሲገባበት አወቃቀሩ አልፋ፣ ኤፕሲሎን፣ ዴልታ፣ ጋማና ኦሜጋ በሚባሉ ፌዞች ያልፋል። በንብርብሮቹ መካከል ውኃ ሲገባ ደግሞ ሌላ አወቃቀር ይኖረዋል፤ ኦክስጅን ሲጎድልበትም እንዲሁ ባሕርዩ ይለወጣል። በአንድ የሙከራ ባትሪ ውስጥ ያለ ኤሌክትሮድ እንኳ ጠዋት ሲሞላና ማታ ሲያልቅ አንድ ዓይነት ቁስ አይደለም።

ከዚህ የሚከተል ሕጋዊ ውጤት አለ። አንድ አመልካች «በቀመር አሃድ አንድ ሊትየም የያዘ የዴልታ ፌዝ ኤሌክትሮድ» ብሎ ቢጠይቅ፣ መርማሪው በዱቄት መልክ የተዘጋጀ የዴልታ ፌዝ ብቻ መፈለግ የለበትም። ቀደም ሲል በታተመ ሙከራ ፔንቶክሳይዱ አንድ ሊትየም እስኪቀበል ድረስ ተለቅቆ ከሆነ፣ የተጠየቀው ቁስ በዚያ ባትሪ ውስጥ ተፈጥሯል። የጽሑፉ ደራሲ የፌዙን ስም አለመጥራቱ ለአመልካቹ መከላከያ አይሆንም።

3. ነባር ቁስ፣ ዘግይቶ የታወቀ አወቃቀር

ውኃ-አዘል የቫናዲየም ፔንቶክሳይድ ጄል ይህን ነጥብ ከማንም በተሻለ ያሳያል። ጄሉ በዲት አማካይነት ከ1885 ጀምሮ ይታወቃል። በሃያኛው ምዕተ ዓመት ዣክ ሊቫዥና ሌሎች ኬሚስቶች በስፋት አጥንተውታል፤ ከ1980ዎቹ ጀምሮም በሊትየም ባትሪ ኤሌክትሮድነት ተፈትኗል። ነገር ግን የደረቀው ጄል ሥርዓቱ የላላ ስለሆነ በተለመደው የክሪስታል ትንተና ሙሉ አወቃቀሩን ማወቅ አልተቻለም ነበር። ቫለሪ ፔትኮቭና ባልደረቦቹ በአቶሞች ጥንድ ርቀት ስርጭት ትንተና ጉዳዩን የፈቱት በ2002 ነው፤ ቁሱ በድርብ ንብርብሮች የተገነባ መሆኑን አሳዩ።

በ2003 አንድ አመልካች «በድርብ ንብርብር አወቃቀር የሚታወቅ ውኃ-አዘል ቫናዲየም ፔንቶክሳይድ» ብሎ የመብት ጥያቄ አቀረበ እንበል። ዕውቀቱ አዲስ ነው፤ ቁሱ ግን ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ነው። ድርብ ንብርብሩ በ1885 በተሠራው ጄል ውስጥም ነበረ፤ ያላየው ሰው እንጂ ያልነበረው አወቃቀሩ አልነበረም። ስለዚህ ጥያቄው አዲስነት የለውም።

በአሜሪካ የፌዴራል ሰርኪዩት ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1985 በታይታኒየም ሜታልስና በባነር መካከል የሰጠው ውሳኔ ይህን መርሕ በግልጽ አስቀምጧል። ጥያቄው ከ0.6 እስከ 0.9 በመቶ ኒኬልና ከ0.2 እስከ 0.4 በመቶ ሞሊብዲነም ስላለበት የታይታኒየም ቅይጥ ነበር፤ አመልካቾቹም ቅይጡ ዝገትን በእጅጉ እንደሚቋቋም አግኝተው ነበር። ቀደም ሲል በታተመ አንድ የሩሲያ ጽሑፍ ውስጥ ግን 0.75 በመቶ ኒኬልና 0.25 በመቶ ሞሊብዲነም ያለበት ቅይጥ በግራፍ ላይ በነጥብ ተመልክቶ ተገኘ። ጽሑፉ ስለ ዝገት አንዳች አልተናገረም። ፍርድ ቤቱ የቅይጡን አዲስ ባሕርይ ማወቅ ቅይጡን አዲስ አያደርገውም ሲል ወሰነ። 0.8 በመቶ ኒኬልና 0.3 በመቶ ሞሊብዲነም በማለት በጠባቡ የቀረበው ሌላው ጥያቄም ከሚታወቀው ቅይጥ እጅግ የተቀራረበ በመሆኑ ፈጠራዊ ብቃት አጥቶ ወደቀ። ኤሌክትሮድ የሚያጠና ተመራማሪ «ቅይጥ» የሚለውን «ኦክሳይድ»፣ «ዝገትን መቋቋም» የሚለውን «የዑደት ዕድሜ» ብሎ ቢያነበው የራሱን ጉዳይ ያገኘዋል።

4. ነባር ቁስ፣ አዲስ አገልግሎት

ከላይ የተነገረው፣ በነባር ቁስ ላይ ምንም መብት አይገኝም ማለት አይደለም። የኦሜጋ ፌዝ ታሪክ ሌላኛውን ገጽታ ያሳያል። ቫናዲየም ፔንቶክሳይድ ሦስት ሊትየም እስኪቀበል በሊትየም አንጻር ከ2 ቮልት በታች ሲለቀቅ አወቃቀሩ ዳግም ወደማይመለስበት ሁኔታ ተለውጦ ኦሜጋ ይሆናል። ክሎድ ዴልማስና ባልደረቦቹ በ1991 ይህን ፌዝ ለዳግም ተሞይ የሊትየም ባትሪ አዲስ የኤሌክትሮድ ቁስ አድርገው አቀረቡት፤ ያገለገለውም በአዎንታዊው ወገን ነበር። በ2020 ደግሞ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲየጎ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ቡድን፣ ይኸው ጥምረት ተጨማሪ ሁለት ሊትየም በአማካይ በ0.6 ቮልት አካባቢ መቀበል እንደሚችል አሳየ። ቁሱ በአሉታዊው ወገን ሆኖ ከ1,000 በላይ ዑደቶችን አለፈ፤ በ20 ሰከንድም ከአቅሙ 40 በመቶ የሚበልጠውን ሰጠ።

እዚህ ላይ ሦስት ዓይነት የመብት ጥያቄዎችን መለየት ያስፈልጋል። «ኦሜጋ ፌዝ ያለው ሊትየም ቫናዲየም ኦክሳይድ» የሚል ጥያቄ በ1991ዱ ሥራ ይወድቃል። «ይህን ቁስ በአሉታዊ ኤሌክትሮድነት፣ ሌላ ቁስን በአዎንታዊ ኤሌክትሮድነት የያዘ ባትሪ» የሚል ጥያቄ ግን የቀደመው ባትሪ ያልነበረውን አሰላለፍ ስለሚጠይቅ የአዲስነትን ደጃፍ ሊያልፍ ይችላል። «ቁሱን በአሉታዊ ኤሌክትሮድነት የመጠቀም ዘዴ» የሚለውም እንዲሁ። የአውሮፓ ፓተንት ጽሕፈት ቤት የተስፋፋው የይግባኝ ቦርድ በ1989 ጂ 2/88 በተባለው ውሳኔው፣ የታወቀ ውሕድ አዲስ ቴክኒካዊ ውጤት ለሚያስገኝ ዓላማ መዋሉ አዲስነት ሊኖረው እንደሚችል ተቀብሏል። ጉዳዩ ዝገትን ለመከላከል ይታወቅ የነበረ የቅባት ጭማሪ ሰበቃን ለመቀነስ ስለመዋሉ ነበር።

በሁለቱ ታሪኮች መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው፦ የ2002ቱ ሥራ ቁሱ ምን እንደሆነ ነገረን፤ የ2020ው ሥራ በቁሱ ከዚያ በፊት ያልተደረገ ነገር አደረገ። የመጀመሪያው ለሳይንስ ያለው ዋጋ ከሁለተኛው አያንስም፤ ፓተንት የሚከፍለው ግን ለሁለተኛው ዓይነት አስተዋጽኦ ነው።

5. አንድ የምርመራ ምሳሌ

አሠራሩን ደረጃ በደረጃ ለማየት፣ ለዚህ ጽሑፍ ብቻ የተዘጋጀ የ2017 ማመልከቻ እንውሰድ። አመልካቹ በውኃማ ኤሌክትሮላይት ለሚሠሩ የዚንክ ባትሪዎች የሚሆን ኤሌክትሮድ አለኝ ይላል። የመጀመሪያው የመብት ጥያቄ «በንብርብሮቹ መካከል ከ1.0 እስከ 1.4 ናኖሜትር ርቀት ያለው ውኃ-አዘል ቫናዲየም ኦክሳይድ የያዘ ኤሌክትሮድ» የሚል ነው። መርማሪው ወዲያው የሚያስታውሰው ጄሉን ነው። በክፍል ሙቀት የደረቀው ጄል የንብርብር ርቀት 1.15 ናኖሜትር ያህል ስለሆነ ከተጠየቀው ክልል ውስጥ ይወድቃል። በሰፊ ክልል ውስጥ የሚገኝ አንድ የታወቀ ነጥብ ለጥያቄው መውደቅ በቂ ነው።

አመልካቹ ጥያቄውን ያጠባል፤ «በንብርብሮቹ መካከል የብረት አዮን የገባበት» የሚል ይጨምራል። በዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ የሊንዳ ናዛር ቡድን በ2016 በቀመር አሃድ ሩብ ዚንክ ያለበትን ውኃ-አዘል ቫናዲየም ኦክሳይድ ለዚንክ ባትሪ ያቀረበ በመሆኑ ይህም አያልፍም። «ማናቸውም ብረት» የሚል ጥያቄ ሌላም እንከን አለበት። ማመልከቻው የአንድ ብረት ሙከራ ብቻ ይዞ የሁሉንም መብት ከጠየቀ፣ በሙያው የሠለጠነ ሰው ያለ ከባድ ድካም በጠቅላላው ወሰን ሊሠራው መቻሉ ያጠራጥራል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023 በአምጀንና በሳኖፊ ጉዳይ፣ ብዙ የሚጠይቅ ብዙ መግለጽ አለበት የሚለውን አቋም አጽንቷል።

አመልካቹ አሁን ብረቱን በካልሲየም ይወስናል። የባትሪ ጽሑፎችን ብቻ የፈተሸ መርማሪ እዚህ ላይ ሊረታ ይችላል። በ1990ዎቹ ጃፓን ውስጥ የተሠሩ የክሪስታል አወቃቀር ጥናቶች ግን ካልሲየምና ኒኬል በንብርብሮቹ መካከል የገቡባቸውን ውኃ-አዘል ቫናዲየም ኦክሳይዶች ገልጸዋል። ቁስን በቁስነቱ የሚጠይቅ አንቀጽ በማናቸውም ዘርፍ በታተመ ጽሑፍ ሊወድቅ ይችላል፤ የቀደመው ጽሑፍ ስለ ባትሪ አለማንሣቱ አያድነውም። በዓለም አቀፉ የፓተንት ምደባ የኦክሳይድ ኤሌክትሮዶች ኤች01ኤም 4/48 በሚባለው ምድብ ሥር ሲገኙ፣ የቫናዲየም ውሕዶች ያሉት ግን ሲ01ጂ 31/00 ሥር ነው። ሁለቱንም፣ ከእነርሱም ጋር የካታሊስትንና ቀለም ለዋጭ ስስ ሽፋንን ጽሑፎች ያላየ ፍተሻ ጎደሎ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው «ካልሲየም ያለበትን ቁስ በአዎንታዊው ወገን፣ ዚንክን በአሉታዊው ወገን የያዘ ባትሪ» ወደሚለው ይወርዳል። በምሳሌያችን ከማመልከቻው ቀን በፊት እንዲህ ያለ ባትሪ አልተገኘም እንበል። አዲስነቱ ጸንቷል፤ የቀረው ፈጠራዊ ብቃት ነው። ቅርቡ ቀዳሚ ሥራ የ2016ቱ የዚንክ ጥምረት ነው፤ ልዩነቱም ዚንክ በካልሲየም መተካቱ ነው። አመልካቹ ቁሱን ካልታከመ ቫናዲየም ፔንቶክሳይድ ጋር አነጻጽሮ አቅሙ በእጥፍ ጨመረ ቢል፣ ንጽጽሩ ከተሳሳተ ወገን ጋር የተደረገ ነው። መሸነፍ ያለበት ተፎካካሪ የዚንኩ ጥምረት ነው።

ከእርሱ ጋር ተነጻጽሮ አቅሙ በሦስት በመቶ በልጧል ቢባልስ? እዚህ ላይ ቀላል ስሌት ይበቃል። የዚንክ የአቶም ክብደት 65.4፣ የካልሲየም 40.1 ነው። ሩብ ዚንክ በሩብ ካልሲየም ሲተካ የአንድ ሞል ክብደት በ6.3 ግራም ይቀንሳል። አንድ ውኃ የያዘው የዚንክ ጥምረት በሞል 216 ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ ቅናሹ ወደ ሦስት በመቶ ይጠጋል። ስለዚህ በግራም የተገለጸው የሦስት በመቶ ብልጫ ከክብደት መቅለል ብቻ የሚመጣ፣ ማንም አስቀድሞ ሊያሰላው የሚችል ነው። ብልጫው በፈጣን ቻርጅ ወይም በዑደት ዕድሜ ላይ የታየ፣ ከክብደትም ሆነ ከአዮኑ መጠን የማይገመት ከሆነ ግን የፈጠራዊ ብቃት ክርክር መሠረት ያገኛል።

6. የልኬት ሁኔታና የመብት ጥያቄ ግልጽነት

በዚህ ዘርፍ ብዙ ጥያቄዎች በቁጥር ይገለጻሉ፤ ቁጥር ግን ያለ መለኪያ ሁኔታ ወሰን አይሆንም። የጄሉ የንብርብር ርቀት ከውኃው መጠን ጋር ይለዋወጣል። በቀመር አሃድ 1.6 ያህል ውኃ ሲኖረው 1.15 ናኖሜትር የነበረው፣ ውኃው ወደ 0.5 ሲወርድ 0.88 ናኖሜትር ያህል ይሆናል። የናሙናው እርጥበትና የማድረቂያው ሙቀት ካልተገለጹ፣ አንዱ ናሙና በአንዱ ቤተ ሙከራ ከወሰኑ ውስጥ፣ በሌላው ከወሰኑ ውጭ ይሆናል።

የአቅም ቁጥርም እንዲሁ ነው። በፋራዴይ ሕግ መሠረት ለአንድ ሞል ቫናዲየም ፔንቶክሳይድ እያንዳንዱ ኤሌክትሮን 147 ሚሊአምፔር-ሰዓት በግራም ይሰጣል፤ ሁለት ኤሌክትሮን 295፣ ሦስት 442፣ አራት 589 ይሆናል። ይህ ለመርማሪውም ለተማሪውም ጠቃሚ መመዘኛ ነው። በሊትየም ባትሪ ከሁለት ኤሌክትሮን በማይበልጥ የቮልቴጅ ክልል 350 የሚል ውጤት ሲቀርብ፣ ከካርቦኑ፣ ከኤሌክትሮላይቱ ወይም ከሚዛኑ አንዱ መጠየቅ አለበት። ውኃ-አዘሉን ቁስ በተመለከተም፣ 1.6 ውኃ ያለበት ሞል 211 ግራም ያህል ስለሚመዝን የሁለት ኤሌክትሮን አቅም ውኃውን ጨምሮ ሲሰላ 254 ነው፤ ውኃው ሳይቆጠር ሲሰላ 295 ይሆናል። የ16 በመቶ ልዩነት ያለ አንዳች ፈጠራ ከአቆጣጠር ብቻ ይገኛል ማለት ነው።

7. ለተመራማሪው የሚኖረው ትርጉም

ከዚህ በላይ የተነገረው ሁሉ ማመልከቻ ሲጻፍ ሳይሆን ሙከራ ሲታቀድ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ቅርቡን ቀዳሚ ቁስ በራስ ቤተ ሙከራ አዘጋጅቶ፣ በአንድ ኤሌክትሮላይት፣ በአንድ የኤሌክትሪክ ፍሰት፣ በአንድ የኤሌክትሮድ ጭነት መፈተን ከሁሉ ይቀድማል። የአውሮፓው የተስፋፋ ቦርድ በ2023 ጂ 2/21 በተባለው ውሳኔው፣ ከማመልከቻው ቀን በኋላ የቀረበ ማስረጃ በመዘግየቱ ብቻ ውድቅ እንዳይደረግ ወስኗል። ነገር ግን የተባለው ውጤት በመጀመሪያው ማመልከቻ ከተገለጸው ትምህርት የሚመነጭ መሆን አለበት። በማስታወሻ ደብተር ላይ ያልታሰበን ውጤት ኋላ በሚመጣ ሰንጠረዥ ማዳን አይቻልም።

ሁለተኛው ጉዳይ የጊዜ ቅደም ተከተል ነው። ለሕዝብ ክፍት የሆነ የመመረቂያ ጽሑፍ መከላከያ፣ የጉባኤ ፖስተርና በቤተ መጻሕፍት የተቀመጠ ጽሑፍ ቀዳሚ ዕውቀት ሊሆኑ ይችላሉ፤ በራሱ በፈጣሪው የቀረቡ ቢሆኑም እንኳ። የኢትዮጵያ የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 አመልካቹ ራሱ ከማመልከቻው በፊት ባሉት 12 ወራት ውስጥ ያደረገውን ይፋ ማድረግ አይቆጥርበትም። የአሜሪካ ሕግም የአንድ ዓመት ጊዜ ይሰጣል። የአውሮፓው ስምምነት ግን እንዲህ ያለ አጠቃላይ የችሮታ ጊዜ የለውም። በአገር ውስጥ ያልጎዳ ጽሑፍ በሌላ አገር መብት ሊያሳጣ ስለሚችል፣ ማመልከቻው ከመከላከያው ቀን መቅደም አለበት።

8. ማጠቃለያ

የቫናዲየም ኦክሳይድ ኤሌክትሮዶች የፓተንት ምርመራ የሚያስቸግረው ቁሱ ብዙ መልክ ስላለው፣ ስለ እርሱ የተጻፈውም በብዙ ዘርፎች ስለተበተነ ነው። መርማሪው በእያንዳንዱ ማመልከቻ ላይ ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል ቢያነሣ አብዛኛው ጉዳይ ይጠራል። የተጠየቀው ቁስ በማናቸውም ስም፣ በማናቸውም የቻርጅ ደረጃ ከዚህ ቀደም ነበረ ወይ? ከነበረ፣ አሁን የተደረገበት ነገር አዲስ ነው ወይ? አዲስ ከሆነ፣ ብልጫው ከቅርቡ ተፎካካሪ ጋር በእኩል ሚዛን ተለክቷል ወይ? ተመራማሪውም እነዚህኑ ጥያቄዎች የመጀመሪያውን ናሙና ወደ ምድጃ ከማስገባቱ በፊት ለራሱ ቢያቀርብ፣ ከመርማሪው የሚመጣው ደብዳቤ ያልጠበቀውን ነገር አይነግረውም።